ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት

የመምህራኑ አውቶቡስ ዩኒቨርሲቲው በር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነበር ልጅቷ ስለ ራሷ ሲወራ የሰማችው።

አባቷ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ አስቀምጦ ያመጣታል፤ መምህራኑም አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏቸው አያውቅም። በዚያ ብርድ ስስ ሹራብ ብቻ ደርባ፣ ቁርሷን በወጉ ሳትቀምስ፣ ደብተሯን ታቅፋ ትቀመጣለች። የክፍሏ ልጆች «ጠመኔ» ነው የሚሏት። ጣቷ፣ ክርኗ፣ አንዳንዴም ግንባሯ በጠመኔ ነጥቶ ስለሚውል ነው። እሷም ስሙን ወዳዋለች።

«ሁለት ወረቀት ነው አሉ» አለ ከፊቷ የተቀመጠው መነጽራም መምህር ወደ ጎረቤቱ ዞሮ። «የሜካኒክስ ፈተና ላይ ነው። ከድልድይ ላይ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ እስኪደርስ ምን ያህል ይቆያል የሚል ጥያቄ አለ። ተማሪው በሙሉ ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ አድርጎ ሲሠራ፣ እነዚህ ሁለቱ ገልብጠው ወደ ታች ያለውን ፖዘቲቭ አደረጉ።»

«ይችላሉ። ማን ይከለክላቸዋል?»

«ማንም። ግን ድንጋዩ መጀመሪያ የሄደው ወደ ላይ ነዋ! መነሻ ፍጥነቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያስፈልገዋል። ሁለቱም ረሱት። በአንድ መስመር፣ በአንድ ቦታ። የተቀመጡትም ፊትና ኋላ ነው።»

«እንግዲህ አንዱ ካንዱ ኮርጇላ።»

«ዶክተሩ ዛሬ ይጠራቸዋል። እውነቱን ካልተናገሩ ሁለቱንም ከጥምር ክፍሉ ያስወጣቸዋል። ያንን ሁሉ ለፍተው እንግዲህ ደህና ሁኑ ነው።»

ጠመኔ መስኮቱን ያዘች። ያቺ የተረሳች የመቀነስ ምልክት የሷ ነበረች። ሌላኛው ወረቀት የማን እንደሆነም ማንም ሳይነግራት አወቀች።

የሒሳብና የፊዚክስ ጥምር ክፍል ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ ነው የሚቀበለው። ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትመኘው እሱን ነው። ስሟ ከተመረጡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ አባቷም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

ሁሉም ከወረዱ በኋላ አባቷ በመስታወቱ አያት። «ምነው እናቴ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ከንፈሩን አይበላም።» ከወንበሩ ተነስቶ የራሱን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠመላት። ሻርፑ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «ችግር ካለ ንገሪኝ። ሒሳቡን ባላውቀው መሪ መያዝ አያቅተኝም፤ የፈለግሽበት አደርስሻለሁ።»

ሳቀችለት። ስትወርድ ግን ሻርፑን ልትመልስለት ረሳች።

* * *

ያ ሌላኛው ወረቀት የረጅሙ ነው። ከክፍሉ ልጆች በሙሉ በራስ ስለሚበልጥ ነው ረጅሙ የተባለው። እናቱ ዳኛ ናቸው፤ በከተማው ስማቸው ሲጠራ ሰው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል። እሱ ግን በእናቱ መኪና መምጣቱን ትቶ በእግሩ የሚመጣ፣ ሸሚዙን ሁሌ አንድ ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ፣ ምስኪን ነገር ነው።

የተዋወቁት ደረጃ ላይ ነበር። የፊዚክስ ሕንፃ ደረጃ በግድግዳው ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መሀሉ ባዶ ነው፣ ከላይ ሆኖ ሲያዩት እንደ ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዶክተሩ ለቤተ ሙከራ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድባቸው ጠመኔና ረጅሙ አንድ ላይ ደረሳቸው። ሥራቸው የሚወድቅ ነገር መለካት ነበር። እሷ ከላይ ቆማ የቴኒስ ኳሷን ትለቃለች፤ እሱ ከታች ስልኩን ይዞ ኳሷ ወለሉን እስክትመታ ሰዓት ይይዛል።

«ለቀቅኩ!» ትላለች።

ጧ! ይላል ወለሉ።

«ነካች!» ይላል እሱ።

ሙከራው አልቆ ውጤቱ ከተሰጠ በኋላም ደረጃውን አልተዉትም። አንድ ቀን ወረቀት፣ አንድ ቀን ላባ፣ አንድ ቀን የሱን የተቀደደ ጫማ ጣሉ። ዘበኛው «እናንተ ልጆች ይሄን ሕንፃ ልታፈርሱት ነው?» እያለ ይቆጣል፤ ግን አያስወጣቸውም። ጠመኔ ከላይ ወደ ታች ስትመለከት የሱ ፊት ወደ ላይ ቀና ብሎ ይጠብቃታል። ቀስ በቀስ፣ ልብ ሳይሉት፣ ደብተራቸው ላይ ቀስቱ ሁሉ ወደ ታች ሆነ። ዜሮ ከሷ እጅ ላይ ነው፤ ፖዘቲቭ ደግሞ እሱ የቆመበት አቅጣጫ ነው። መጽሐፉ ሌላ ይላል፤ ማን መጽሐፉን አየና!

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ዳኛዋ ግቢው በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ጠሯት። አልጮኹም። እንዲያውም በጣም ዝግ ብለው ነው የተናገሩት፤ የከፋውም እሱ ነው።

«አንቺ ነሽ የሹፌሩ ልጅ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነሽ አሉ። ደስ ይለኛል። ግን ምክር ልስጥሽ። ልጄ የሚፈልግሽ ለፈተና ነው። ፈተናው ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። ያን ጊዜ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ስታስበው «ውሸት ነው» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቢሆንስ?» ትላለች። ለረጅሙ አልነገረችውም። ከውስጥ እሾህ ይዞ መሄድ ምን ይጠቅማል? ብትነግረው ምናለበት! ግን ልጅነት ነው።

* * *

ዶክተሩ ቢሮ ስትገባ ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ምልክቱ የተረሳባቸው ሁለት ቦታዎች በቀይ ተከበዋል። ሁለት ቀይ ክቦች፣ እንደ ሁለት ዓይን ያዩዋታል።

«ተቀመጪ» አላት። ዶክተሩ አጭርና ጠንካራ ሰው ነው፤ ሳቁን ለበዓል ያስቀምጣል ይሉታል። «ብዙ አላቆይሽም። አንቺ ነፃ ነሽ።»

«እንዴት?»

«ጓደኛሽ ቀድሞሽ መጥቶ ነበር። ከፊቱ ከተቀመጠችው ልጅ ነው የኮረጅኩት፣ እሷ አታውቅም ብሎ አምኗል። ቦታሽ አይነካም። እሱ ግን ይወጣል።»

አስቡት እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ይወጣል። ጠመኔ ግን የሰማችው የዶክተሩን ቃል አልነበረም፤ የዳኛዋን ነው። *ልጄ የሚፈልግሽ ለፈተና ነው።* የአባቷን ሻርፕ ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ተነሳች፣ አመሰገነች፣ በሩን በቀስታ ዘጋች።

ረጅሙን ደረጃው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ። ፊቱ ላይ የተስፋ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ነገር መሰላት።

«ነፃ ወጣሽ አይደል?» አለ።

«ኮርጀሃል?»

የተዛነፈውን የሸሚዙን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

«ጠየቅኩህ እኮ! ከኔ ወረቀት ላይ ኮርጀሃል ወይስ አልኮረጅክም?»

«አዎ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ኮርጄአለሁ። በቃ፣ አለቀ። አንቺ ቀጥዪ።»

«ይሄ ሁሉ ደረጃ፣ ይሄ ሁሉ ኳስ፣ ይሄ ሁሉ...» ድምጿ ተሰበረባት። «ጥያቄ ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር? እኔ መቼ ነው የደበቅኩህ? ከጀርባዬ አንገትህን አስግገህ?»

«እንደሱ አትበይ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ያስተማርከኝን ነው የምለው።»

እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ከዚያ ሌላ። ዞር ብላ ሳታየው ሄደች።

* * *

ከሕንፃው ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ላይ ተቀመጠች። ምነው ቤት ገብታ ቢሆን! ግን የተጎዳ ሰው ሙቅ ቦታ አይፈልግም።

ጠመኔ ስታዝን ታስባለች፤ ተፈጥሮዋ ነው። አንድ ነገር እውነት ከሆነ፣ ከሱ የሚከተለው ሁሉ እውነት መሆን አለበት። እሺ፣ ኮርጇል እንበል። መቼ? የፈተናውን ቀን ከመጀመሪያው ጀምራ በዓይኗ አስኬደችው። አዳራሹን፣ የሚንጫጫውን ወንበር፣ ከኋላዋ የሱን ሳል።

እሷ ፈተና ስትሠራ ከመጨረሻው ጥያቄ ነው የምትጀምረው። ሁሌ። ከባዱን አእምሮዋ ትኩስ እያለ ትጨርሳለች፤ ቀላሉን ለመጨረሻ ታቆያለች። የድልድዩ ጥያቄ አንደኛው ነው። እና...

ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

እና ረጅሙ ቀድሟት ጨርሶ ወጣ። ወረቀቱን ሊያስረክብ በአጠገቧ ሲያልፍ እጅጌው ጠረጴዛዋን ነካ፤ ቀና ብላ አየችው፤ አያት። ያንን አስተያየት እንዴት ትረሳዋለች! «አይዞሽ» የሚል ዓይን ነበር። እሷም አፍራ ቶሎ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አለች። ወረቀቷ ላይ ምን አየች? አንደኛው ጥያቄ ሥር ነጭ። ባዶ። ገና አልጀመረችውም ነበር።

ያልተጻፈ ነገር አይኮረጅም።

«ውሸታም!» አለች ጮክ ብላ። አንዲት ወፍ ከዛፉ ላይ በረረች። ዕንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትናደዳለች። አልኮረጀም። ለሷ ሲል ራሱን ሌባ አደረገ። ያውም ሳይጠይቃት! ከወንበሩ ተነስታ ወደ ሕንፃው ሮጠች።

* * *

ዶክተሩ ቢሮ ስትመለስ በሩ ክፍት ነው። ዳኛዋ ቆመዋል፤ ረጅሙ አጠገባቸው አንገቱን ደፍቷል። እናቱ የተጠሩ አይመስልም፤ ሰምተው የመጡ ናቸው።

«ይቅርታ ዶክተር» አለች ጠመኔ። «እሱ አልኮረጀም። እኔም አልኮረጅኩም።»

«አምኗል እኮ» አለ ዶክተሩ።

«ዋሽቶ ነው። እሱ ወረቀቱን ሲያስረክብ እኔ አንደኛውን ጥያቄ አልጀመርኩትም ነበር።»

«ይህን በምን ታረጋግጫለሽ?»

ምን ትበል? ዓይኑን አይቼ ነው ትበል? ጉንጯ ጋለ። ግን አላፈገፈገችም። «አሁን ማረጋገጥ አልችልም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ይስጡን። አዲስ፣ ከየትም ያላየነው። እሱ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው ሰሌዳ ላይ ይሥራ፣ እኔ ከኋላ ባለው። ጀርባ ለጀርባ። ሥራችን ከተለያየ ሁለታችንንም ያባርሩን።»

«ተይ!» አለ ረጅሙ ደንግጦ። «አንቺ ነፃ ነሽ፤ ምን አስገባሽ?»

«አንተ ዝም በል። የሁለት ሰው እኩልታ ለብቻህ ልትፈታ ነው? ማንን ጠይቀህ?»

ዳኛዋ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ዶክተሩ ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠመኔ አነሳ። «ኑ።»

ባዶው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰሌዳ ነበር። ሁለቱ ልጆች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆሙ። በመሀላቸው ባዶ ወንበሮች፣ በመሀላቸው ዳኛዋ።

«ፊኛ ወደ ላይ እየወጣ ነው» አለ ዶክተሩ። «በመሀል የአሸዋ ከረጢት ከፊኛው ተቆርጦ ይወድቃል። መሬት እስኪደርስ ምን ያህል ይቆያል?» ፍጥነቱንና ከፍታውን በቁጥር ነገራቸው። «ጀምሩ።»

ጠመኔዎቹ መንጫጨት ጀመሩ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ አንዱ ሲቆም አንዱ ሲቀጥል፣ ሁለት ሰው የሚያወራ ይመስላል። ይሄ የልጅቷ ቦታ ነው፤ ሰሌዳና ጠመኔ ያለበት ቦታ ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቃትም። መጀመሪያ ቀስቱን ሣለች። ወደ ታች። ከረጢቱ ከፊኛው ጋር ወደ ላይ እየሄደ ነበር፤ ስለዚህ መነሻ ፍጥነቱ ላይ፣ በዚያ በረሳችው ቦታ፣ የመቀነስ ምልክቱን በደማቁ አድርጋ ከበበችው። ዳግመኛ አትረሳትም።

«ጨረስኩ» አለች።

«ጨረስኩ» አለ ከኋላዋ።

ጠመኔ መዞር ፈራች። ይህን ያህል ስትተማመን ቆይታ፣ የመጨረሻዋ ትንፋሽ ላይ ልቧ ከዳት። ቀስቱን ወደ ላይ አድርጎት ቢሆንስ? መጽሐፉን ተከትሎ ቢሆንስ?

ዞረች።

ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፉ፣ ዜሮ ከላይ፣ ቀስቱ ወደ ታች። የመቀነስ ምልክቷም እዚያው ናት፤ በደማቁ ተጽፋ ተከባለች።

ዶክተሩ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። «ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ? እኔ አላስተማርኳችሁም። አንተ ንገረኝ። ፖዘቲቭ ለምን ወደ ታች ሆነ?»

ረጅሙ እናቱን አየ፣ ከዚያ ጠመኔን። «ከሷ የሚመጣልኝ ነገር ሁሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚመጣ ነው» አለ። «ደረጃው ላይ።»

«አንቺስ?»

«እሱ ከታች ስለሚቆም» አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር።

ሳቁን ለበዓል የሚያስቀምጠው ዶክተር ቀድሞ አወጣው። ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨ። «ስህተታችሁ እንኳ የጋራ ነው እኮ! የድልድዩን ጥያቄ ማርክ ሁለታችሁም አታገኙም፤ ምልክት የረሳ ምልክት ረስቷል። ከክፍሉ ግን የሚወጣ የለም። አንተ ደግሞ» አለ ወደ ረጅሙ ዞሮ፣ «ሁለተኛ ያልሠራኸውን ጥፋት ሠራሁ ብለህ ቢሮዬ ብትመጣ፣ በዚያኛው ነው የማባርርህ።»

ዳኛዋ ቦርሳቸውን አነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆመው ጠመኔን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ሁሉ ሳይቀር።

«ለራሱ ብሎ የሚዋሽ ሰው በየቀኑ ፊቴ ይቆማል» አሉ። «ለሌላ ሰው ብሎ የሚዋሸውን ግን የወለድኩት እኔ ሆኜ አላወቅሁትም።» የበሩን እጀታ ያዙ። «ግቢው በር ላይ የነገርኩሽን አንስቼዋለሁ።»

«እሺ እትዬ» አለች ጠመኔ። ደረቷ ውስጥ ይዛው የኖረችው እሾህ ተነቀለ፤ ቦታው ግን ገና ይጠዘጥዛል።

* * *

«ምንድን ነው እናቴ የነገረችሽ?» አላት ረጅሙ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ።

«አሁን አይጠቅምም።»

«አሁንም ትደብቂኛለሽ?»

እውነቱን ነው። ነገረችው። የዳኛዋን ቃል አንድ በአንድ፣ «ቢሆንስ?» ያለችበትን ቀን ሁሉ ሳይቀር። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ።

«አምነሻት ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ደረጃው ሥር፣ አዎ። አንተ ራስህ ነህ ያሳመንከኝ። ከዛሬ ወዲያ ለኔ ብለህ እንዳትዋሽ። ለኔ ብለህ የምታደርገው ነገር ካለ፣ ከኔ ጋር አድርገው።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«ምልክቷን ከብቤያት የለ? ከዚህ በላይ ምን መሐላ አለ!»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከትታ ያቺን ያረጀች የቴኒስ ኳስ አወጣች። ረጅሙ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። እሷ የአባቷን ሻርፕ አንገቷ ላይ አጠበቀችና ወደ ላይ ወጣች፣ እስከ ጫፉ። ከውጭ የአባቷ አውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሁለቴ፣ በቀስታ፤ እየጠበቃት ነው።

ወደ ታች ተመለከተች። ከዚያ ሁሉ ጥልቀት ሥር ያ ፊት ቀና ብሎ ይጠብቃታል። ስልኩን አልያዘም። ሁለት ባዶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

«ለቀቅኩ!» አለች።

ኳሷ ሄደች። ጠመኔ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና የወለሉን ድምፅ ጠበቀች፤ ያንን ጧ የሚለውን፣ ሙከራቸው ሁሉ የሚያልቅበትን። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ድምፁ አልመጣም። ሕንፃው በሙሉ ፀጥ እንዳለ ነበር፤ እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር ማስላት አላማራትም።